ክፍት ጫማ፣ ማንም ቢሆን

ኅዳር 12

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ማደሪያ ቤትዎ፣ እንግዶችዎ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያስነጥሰው ተከራይዎ፣ ሁሉም ደህና ነው? ፈጣሪ ጤና ይስጥልኝ፣ ቤትዎን ሙሉ ያድርግልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ማለቴ ጤናዬ ደህና ነው። ለእናቴ መጻፍ ስላልቻልኩ ነው ለእርስዎ የምጽፈው፣ እናቴ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እርስዎ ግን የአክስቷ ልጅ ስለሆኑ ዘመድም ነዎት፣ ራቅም ይላሉ፣ ራቅ ያለ ዘመድ ቶሎ አይደነግጥም ብዬ ነው፣ አይቀየሙኝ። ደግሞ የእንግዳ ሥራ ያውቃሉ።

ሥራ አገኘሁ ብዬ ልኬልዎት ነበር አይደል? ሆቴል ነው፣ ትልቅ ነው። የምግብ አዳራሹ በር ላይ ነው የምቆመው። ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረቴ ላይ የሆቴሉ ምልክት። ሰው ሲመጣ እንኳን ደህና መጡ እልና ወደ ጠረጴዛው እወስደዋለሁ፣ በቃ። ቀላል ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የዚህ አገር መኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ሥራ ነው የወጣልኝ፣ ሥራው ከሄደ ፈቃዱም ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ።

አሁን ያልቀለለኝን ልንገርዎት። ሥራ አስኪያጃችን ከረባት ሳያደርግ ታይቶ አያውቅም፣ በሌለበት ስሙ ከረባቱ ነው። በገባሁ ቀን ጠራኝና "እኔን እያየሽ ነው የምትሠሪው፣ ከረባቴን ከላይ ወደ ታች ከዳበስኩ ለመጣው ሰው 'ሁሉም ተይዟል' ትያለሽ" አለኝ። እሺ አልኩ። ሰካራም ሲመጣ መስሎኝ። እትዬ፣ የሚዳብሰው የወንዝ ማዶ ሰዎች ሲመጡ ነው! እዚህ ከተማውን መሃል ለመሃል ወንዝ ይቆርጠዋል፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉት አነጋገራቸው ለየት ይላል፣ ጫማቸውም ክረምት ከበጋ ክፍት ነው፣ እንደዚያ ነው የለመዱት፣ በሱ ነው ከሩቅ የሚለዩት። ሰው ናቸው እኮ፣ ንጹሕ ናቸው፣ በልተው ይከፍላሉ።

ባለፈው እሑድ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሽማግሌው ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ባለቤታቸው አዲስ ሻርፕ አድርገው፣ "ዛሬ የተጋባንበት ቀን ነው" አሉኝ እየሳቁ። ከረባቱን አየሁት። ዳበሰ። "ሁሉም ተይዟል" አልኩ። ከኋላዬ አዳራሹ ባዶ ነው እኮ እትዬ! ወንበሩ ተደርድሮ ይታያል። ሴትየዋ በትከሻዬ አሻግረው አዩና፣ "ታዲያ ወንበሮቹ ማንን ነው የሚጠብቁት?" አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ እንዲሁ ጠየቁኝ። ሽማግሌው ክንዳቸውን ያዙላቸውና ሄዱ።

ዕቃ አጣቢያችን የወንዝ ማዶ ልጅ ናት፣ እሷ በጓሮ በር ስለምትገባ ማንም ምንም አይላትም። ስነግራት "ይሄ እኮ በሕግ ክልክል ነው" አለችኝ። እኔ ሕግ ሲባል እፈራለሁ። የሚይዙት እሱን ነው ወይስ እኔን? ምን ላድርግ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእርስዎው ልጅ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለደንጋጣዋ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ እንደ ጉልበት ነው። ተከራዩ ያስነጥሳል። ራቅ ያለ ዘመድ አይደነግጥም ያልሽው አስቆኛል፤ እውነትሽን ነው፣ አልደነገጥኩም። አንቺ በልጅነትሽም በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ነበር የምትገቢው፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ደንጋጣዋ ነው።

አሁን ስሚኝ። ቤቱ የማን ነው? የሰውየው። ታዲያ በቤቱ ማንን ማስገባት ማንን መመለስ እሱ ያውቃል፣ አንቺ የታዘዝሽውን ሥሪ። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር የተማርኩት እሱን ነው። የበሬን ሰሌዳ ታስታውሺው የለ? "ብቻዋን ለመጣች ሴት አልጋ የለንም" ይላል። ከየት መጣሽ፣ ማን ይጠይቅሻል፣ ማን ይከተልሻል እያልኩ ስመረምር ልዋል? እኔ በአፌ ሰው አልመልስም፣ ሰሌዳዬ ይመልስልኛል፣ እኔ አዝኜ ቆሜ አያለሁ።

ያንቺ ሰውዬ ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ውሸቱን ባንቺ አፍ ያስወራል። ደንብ ካለው ግድግዳ ላይ ይስቀል። አንቺ ግድግዳውን ታሳያለሽ፣ በቃ፣ ጣጣው የግድግዳው ነው።

ሆቴል ከገባሽ ዘንዳ እነዚያን ዳር ዳራቸው የተጠለፈ የትራስ ልብሶች ላኪልኝ፣ ፊት ለፊት ላለው ክፍል። ፈጣሪ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ። እናትሽ ሰላም ትልሻለች፣ ምንም አልነገርኳትም።

እትዬሽ


ጥር 14

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው፣ እድሜ ይስጥልኝ፣ አፍዎ ማር ይብላ፣ ያሉት ሁሉ ሆነ!

እኚያ ሽማግሌ ከስሰው ኖሯል። እዚህ የእኩልነት ቢሮ የሚባል አለ፣ ከዚያ ደብዳቤ መጣና ከረባቱ ጠበቃ ጠራ፣ ሁለቱ በር ዘግተው ሲያወሩ ዋሉ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ በመስታወት የታቀፈ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቀለ፣ ወርቃማ ፊደል ነው። የዚህን አገር ፊደል በደንብ ስለማላነብ ዕቃ አጣቢዋ አነበበችልኝ፤ "የደንበኞች ደንብ። ክፍት ጫማ ያደረገ ደንበኛ አይገባም። ይህ ደንብ ለማንኛውም ደንበኛ ያለ ልዩነት ይሠራል" ይላል። የመጨረሻዋን ጠበቃው ነው ያስጨመራት አሉ፣ ያለሷ ደንቡ በሕግ አይቆምላችሁም ብሎ።

ከዚያ ከረባቱ ሰበሰበንና "ከዛሬ ጀምሮ ተይዟል የሚባል ነገር የለም። ከረባቴን ስዳብስ ግድግዳውን ታሳያላችሁ" አለ። እኔ ደግሞ ፈራ ተባ እያልኩ እጄን አወጣሁ፣ "ሳይዳብሱ ክፍት ጫማ ያደረገ ቢመጣስ?" አልኩ። ሳቀብኝ። "ክፍት ጫማ ማን ያደርጋል? እነሱ ናቸው። አታስገቢ።" "ማንም ቢሆን?" "ማንም ቢሆን አልኩሽ እኮ! አንድ ክፍት ጫማ ካለፈሽ እዚህ በር ላይ አላገኝሽም።"

እትዬ፣ እንዴት እንደቀለለኝ! አሁን አልዋሽም። ጫማ አያለሁ፣ ግድግዳ አሳያለሁ። ዕቃ አጣቢዋ ግን "ሞኝ፣ ይሄ ደንብ እኮ ለኛ እግር ተለክቶ የተሰፋ ነው" አለችኝና ድስቷን መፈግፈግ ቀጠለች። ለማንኛውም ይላል እኮ፣ ራስሽ አነበብሽልኝ እኮ፣ አልኳት።

የትራስ ልብሱን እየፈለግኩ ነው።

ደንጋጣዋ


የካቲት 2

ይድረስ ለደንጋጣዋ፣

ደህና ነሽ ወይ? አላልኩሽም? እትዬሽ ሳትማር የተማረች ናት። አሁን አንገትሽን ቀና አድርገሽ ሥሪ።

እዚህ ደህና ነን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነርስ መጣች፣ ጤና ጣቢያው ተመድባ ነው፣ ብቻዋን ናት፣ ሻንጣ ይዛለች። ሰሌዳውን አሳየኋት። አነበበችው፣ አመሰገነችኝና ሄደች። ዝናብ ነበር።

ይሁን።

የትራስ ልብሱን አትርሺ።

እትዬሽ


መጋቢት 1

ደንጋጣዋ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? እናትሽ ጠየቀችኝ፣ ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። የትራስ ልብሱ ይቅር። እንደው አለሁ ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ያቺ ነርስ ስታመሰግነኝ ለምን እንዳመሰገነችኝ እስካሁን አልገባኝም።

እትዬሽ


መጋቢት 6

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፣

እንዴት ነዎት፣ እኔ አለሁ፣ ግን ሥራ የለኝም፣ ዕቃ አጣቢዋ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግታልኝ ነው ያለሁት፣ ተባርሬያለሁ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ነው። አዳራሹ ሞቅ ብሏል። አንድ ወፍራም ጌታ ሦስት ሰው አስከትሎ መጣ፣ ልብሱ ያበራል፣ እጁ ላይ ቀለበት። እኔ ጫማ ነው የማየው፣ ለምጄዋለሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ ክፍት ጫማ! አውራ ጣቱ አብጦ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከጫማው ወጥቶ ያየኛል።

"ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍት ጫማ አናስገባም።"

"ምን አልሽ?"

"ደንቡ ነው" አልኩና ግድግዳውን አሳየሁት።

ቆሞ አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። "አንቺ ልጅ፣ እኔን ታውቂኛለሽ?"

"አላውቅዎትም ጌታዬ፣ ግን ማንም ቢሆን ተብያለሁ።"

ለካ የሆቴሉ ባለቤት ነው! ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ አይቼው አላውቅም፣ በምን ልወቀው? ከረባቱ ከወዲያ ጥግ አየንና ዓይኑ ፈጠጠ፣ በወንበሮች መሃል እየሮጠ መጣ፣ ሲደነግጥ ደግሞ እጁ ወዴት ይሄዳል? ከረባቱ ላይ! ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሊቀደው ነው። እኔ ታዲያ ምን ይግባኝ? መልሺው፣ በደንብ መልሺው እያለኝ መሰለኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁት። "ጌታዬ አይሆንም! ይኸው እንደገና ዳበሱ!" አልኩ። ከባለቤቱ ኋላ ያሉት ሰዎች ሳቅ ሲያፍናቸው አየሁ።

በዚህ መሃል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? እኚያ ሽማግሌና ባለቤታቸው። አብራቸው መነጽር ያደረገች ሴት አለች። ጫማቸውን አየሁ። ዝግ ነው! አዲስ ነው፣ ሲራመዱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሴትየዋማ ተረከዛቸውን ልጦት ነው መሰል ያነክሳሉ። ከረባቱ ደርሶ አጠገቤ ቆመ፣ እነሱን አየና አሁን በድንጋጤ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ እያየኝ፣ ከረባቱን ዳበሰ። ይሄኛው ገባኝ። ግድግዳውን ላሳያቸው ዞርኩ። እትዬ፣ ግድግዳው ላይ እነሱን የሚመልስ ነገር የለም። ዝግ ጫማ ነው ያደረጉት። "እንኳን ደህና መጡ" አልኳቸው። ወስጄም መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ያኔ ነው ከረባቱ የጮኸው። አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ ደደብ! ደንቡ የተሰቀለው እነዚህን ለመመለስ ነው እንጂ ጌታዬን ለመመለስ ነው እንዴ?" አለ። ባለ መነጽሯ ሴት ከወንበሯ ብድግ አለችና፣ "ከእኩልነት ቢሮ ነኝ፣ ደንቡ ለሁሉም መሆኑን ላጣራ ነበር የመጣሁት። የተናገሩትን ይድገሙልኝ፣ በደንብ እንድሰማዎት" አለችው።

አልደገመም። የደረቴን ምልክት ነቅሎ ወሰደና በጓሮ በር አስወጣኝ።

አሁን ችሎት አለ። ምስክር ሁኚ ብለውኛል። ከመሰከርኩ ሌላ ሆቴል ማን ይቀጥረኛል? ካልመሰከርኩ ደግሞ ሴትየዋ ተረከዛቸው ቆስሎ ነው የመጡት፣ እንዴት እተዋቸዋለሁ? ፈቃዴ ሊሰረዝ ነው። ምን ልበል እትዬ? እንዳሉኝ ግድግዳውን ብቻ ነው ያሳየሁት።

ደንጋጣዋ


መጋቢት 20

ይድረስ ለልጄ፣

ደብዳቤሽን ለተከራዮቹ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "እንደገና ዳበሱ" ያልሽው ጋ ስደርስ የሚያስነጥሰው ሰውዬ በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። ከዚያ ሁሉም ሲሄዱ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ፣ ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነው። ብዙ ተቀመጥኩ።

ነርሷን ገበያ አገኘኋት። ጤና ጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አልጋ ዘርግታ ነው አሉ የምታድረው። ሰላም አለችኝ።

መስክሪ። ያየሽውን በሙሉ ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ፈቃዱን ቢነጥቁሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ ደግሞ እናትሽን እኔ እነግራታለሁ፣ አትፍሪ። የሚመጣ ከመጣ አብረን ነን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያ ሕግ ምን እንደሚል በደንብ ጠይቂና በኛ ቋንቋ ጻፊልኝ። የትራስ ልብስ አልፈልግም፣ እሱን ነው የምፈልገው።

እትዬሽ


ሚያዝያ 18

እትዬዬ! እትዬዬ! እንኳን ደስ አለን!

ሰላምታውን ዛሬ ይተዉልኝ፣ ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ደህና ካልሆኑም ይሄን ሲሰሙ ይድናሉ።

ችሎቱ ሰፊ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ስገባ አልጋ ሥር ልግባ ብል አልጋ የለም። የሆቴሉ ጠበቃ ተነሣና፣ "ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?" አለኝ። "አራተኛ" አልኩ። "ታዲያ ደንቡን በትክክል ማንበብሽን በምን እናውቃለን?" አለ፣ ወደ ሰዉ እየዞረ፣ ፈገግ እያለ። እኔ ደግሞ ደንግጬ፣ "ጌታዬ፣ እኔ አላነበብኩትም፣ ማንም ቢሆን አታስገቢ ብሎ የነገረኝ እሱ ነው" አልኩና ከረባቱን በጣቴ አሳየሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ከረባቱ ደግሞ ምን እያደረገ ነው? እየዳበሰ! ሳያውቀው! ዳኛዋ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ "እባክዎ ከረባቱን ይተዉት፣ እዚህ የሚመለስ ሰው የለም" አለችው። ከዚያማ ማን ያቁመን፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቆሜ፣ ችሎት ውስጥ!

ተፈረደልን እትዬ። ደንቡ ከግድግዳው ይውረድ ተባለ። ሆቴሉ ሽማግሌውንና ባለቤታቸውን ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይቅርታውም በር ላይ ይለጠፍ፣ ካሳም ይክፈል ተባለ። እኔ ያለ ጥፋቴ ስለተባረርኩ ሥራዬ ይመለስልኝ ተባለ፣ ፈቃዴም አልተነካ! ከረባቱ ከሆቴሉ ሄደ። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ፣ ጣቱ ድኖለታል፣ ዝግ ጫማ አድርጎ፣ "በራሴ በር ላይ የመለስሽኝ አንቺ ነሽ? ከዚያ ቀን በፊት በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር" አለኝና ምልክቱን በእጄ ሰጠኝ። እኔም ያቺን ምልክት ራሴ ሰካኋት።

የጠየቁኝን ሕግ ባለ መነጽሯን ጠየቅኋት። ቀስ እያለች ነገረችኝ፣ እንዲህ ነው። ለሕዝብ ብሎ በሩን የከፈተ ቤት ለሕዝብ ሁሉ ነው የከፈተው። የሚሳደብ፣ የሚሰብር፣ በልቶ የማይከፍል ካለ ይመልሰው፣ የሚመለሰው ሰውየው ባደረገው ነገር ነው። ግን ከየት እንደመጣ፣ አነጋገሩ፣ ወንድ ወይ ሴት መሆኑ፣ እሱን ብሎ መመለስ አይችልም። በጽሑፍ ቢሰቅለውም አይችልም፣ አንድን ወገን ለመመለስ ታስቦ የወጣ ደንብ ለሁሉም ነው ቢባልም ያው ነው። በቃ ይኸው ነው አለችኝ። እኔ ከዚህ በላይ የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ሽማግሌውና ባለቤታቸው መጡ። በክፍት ጫማቸው! ሴትየዋ ያቺን ሻርፕ አድርገዋል። መስኮቱ ሥር ወሰድኳቸው፣ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ሲቀመጡ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ለካ እኛን ነበር የሚጠብቁት" አሉኝ። ዕቃ አጣቢዋም በዕረፍት ቀኗ ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባች። እንኳን ደህና መጡ አልኳት፣ በእርስዎ ነው የጠራኋት። "ይሄን ማን አጠበው?" ብላ ሳህኑን ገልብጣ አየችና ሳቀችብን።

የእርስዎው ልጅ


ግንቦት 7

ይድረስ ለልጄ፣

ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ "ለምን ለኔ አልጻፈችም?" ብላ ሁለታችንንም ተቀየመች። ጻፊላት።

የላክሽልኝን ሕግ እያነበብኩ ወንድ ወይ ሴት መሆኑ የሚለው ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ከዚያ መዶሻ ፈለግሁ። ሰሌዳው ዓመታት ስለቆየ ሚስማሩ ዝጎ እምቢ አለ፣ የሚያስነጥሰው ሰውዬ አግዞኝ ነቀልነው። ጣውላው ጥሩ ጣውላ ነው፣ አልጣልኩትም፣ የሱ መስኮት ንፋስ ያስገባ ነበር፣ እዚያ ገጠምኩለት። ማስነጠሱን ተወ ልበልሽ? አልተወም።

ጤና ጣቢያ በራሴ እግር ሄጄ ነርሷን ጠራኋት። ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ነው የሰጠኋት፣ ቁልፉ በእጇ ነው፣ ማን ይጠይቅሻል አላልኳትም። ጉልበቴን አይታ መድኃኒት ሰጠችኝ። ጎረቤቶቼ ምን ይሉ መሰለሽ? ይበሉ! የሚሰክርና የሚሰብር ወንድም ይሁን ሴት አላስገባም፣ ያንን በአፌ እናገራለሁ፣ አፌ ምን ሆነና።

እትዬሽ


ግንቦት 29

ይድረስ ለእትዬ፣

ጉልበትዎን ስላከመችልኝ ነርሷን ይሳሙልኝ። ለእናቴ ጽፌያለሁ፣ ታርቀናል።

የዕረፍት ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ በሰኔ መጨረሻ እመጣለሁ። የትራስ ልብሶቹን ይዣለሁ፣ ዳር ዳራቸው የተጠለፈ ነው። ብቻዬን ነው የምመጣው፣ ሻንጣ ይዤ። እንዳይጠብቁኝ፣ ክፍልም እንዳይዙልኝ አደራ። እንደ ማንኛውም ሰው ደጅዎ ላይ ቆሜ በራሴ አፍ "አልጋ አለ?" ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ደንጋጣዋ ነበርኩ